መንገድ ላይ የሚጠፋ አሮጌ መርሰዲስ፦ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት አጠፋፉን እዩ

አሮጌ መርሰዲስ ይዛችሁ "መንገድ ላይ ይጠፋብኛል" እያላችሁ ጋራዥ ስትገቡ የሚጠብቃችሁ መልስ የታወቀ ነው። አንዱ ቤንዚን ፓምፕ ነው ይላል፤ ሌላው ካንዴላ። ሦስተኛው "ኮምፒውተሩ ነው" ብሎ ይገላገላችኋል። የእኔ መኪና የ1999 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ኢ 240 ነው፤ በፋብሪካ ስሙ ደብልዩ 210 የሚባለው፣ ኤም 112 ቪ ስድስት ሞተር የገጠመለት። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ መኪና ይዞ ዕቃ በዕቃ ላይ እየቀየረ ላለ ሰው ነው። የእኔ መኪና በሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ነበር የሚጠፋው። ሁለቱ ተደበላልቀው ስለሚመጡ፣ አንዱን ያገኘ መካኒክ ሌላው ሲያሳስተው ኖሯል።

ስገዛው የቀድሞው ባለቤት ደረሰኞቹን ሁሉ በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ። ከመኪናው ቀጥሎ ትልቁ ስጦታ እሱ ነበር። ቤንዚን ፓምፕ ተቀይሯል፤ ፊልትሮ ተቀይሯል፤ ባትሪ ተቀይሯል። ካንዴላም ተቀይሯል፤ ይህ ሞተር ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ስላለው ሲቀየር 12 ነው፣ ወጪው ይሰማል። ሰውየው ይህን ሁሉ አውጥቶም መጥፋቱን ስላልተወለት ነው የሸጠው። እኔ ግን ያልተነካው ምን እንደሆነ ከደረሰኞቹ ላይ ማንበብ ቻልኩ። አሮጌ መኪና ስትገዙ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ደረሰኝ ጠይቁ፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን በእጃችን ያለውን ይዘን መክረማችን አይቀርም፣ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሞተር የሚጠፋበት መንገድ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መሣሪያ ማንሳት ብር መበተን ነው።

የመጀመሪያው ድንገተኛ ነው። ቁልፉን የዘጋችሁት ያህል ጭጭ ይላል፤ ሳይንተፋተፍ፣ ሳይንዘፈዘፍ፣ ጉልበቱ ሳይቀንስ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤሌትሪኩ ነው፦ ሴንሰር፣ ሪሌ (ኤሌትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ)፣ የላላ ገመድ፣ የተቃጠለ ቫልቮላ (ፊውዝ)። ሁለተኛው አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ዳገት ላይ ቤንዚን ስትሰጡት እየጎተተ፣ እየተንተፋተፈ፣ ፍጥነቱ እየወረደ ሄዶ ይጠፋል። ይህ ነዳጅ ያጠረው ሞተር ነው፤ የደከመ ፓምፕ ወይም የተደፈነ ፊልትሮ። ሦስተኛው እየነዳችሁት ጤነኛ ነው፤ መብራት ላይ ፍሬን ይዛችሁ ስትቆሙ ግን ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) እየወረደ፣ መኪናው እየተርገበገበ ይሞታል። ወዲያው ብታስነሱት ይነሳል። ይህኛው ከአየር ጋር የተያያዘ ነው፤ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መግቢያ ወይም የአየር መለኪያው ሴንሰር። ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብሎ አይመጣም፤ ፓምፕም አንዳንዴ በድንገት ይቆማል። ቢሆንም የት መጀመር እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ከሹፌሩ በር ኪስ ውስጥ ደብተር አስቀመጥኩ። መኪናው በጠፋ ቁጥር ዳር ይዤ እጽፋለሁ፦ ከተነሳ ምን ያህል ሆነው፣ የሙቀት ጌጁ የት ነው፣ እየሄድኩ ነበር ወይስ ቆሜ፣ ኤሲ በርቷል፣ ቤንዚኑ ምን ያህል ቀርቷል፣ አጠፋፉ ከሦስቱ የትኛውን ይመስላል፣ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ተነሳ። አሰልቺ ነው። ባለቤቴ "ማስታወሻ ከምትጽፍለት ብትሸጠው አይሻልም?" ብላኛለች። ግን ገጾቹ እየበዙ ሲሄዱ የተጻፈው በራሱ ለሁለት ተከፈለ።

አንደኛው ወገን ላይ ያሉት ሁሉ ትኩስ ሞተር ላይ የሆኑ ናቸው። ጠዋት አንድም የለም። አዳማ ደርሼ ስመለስ፣ የፍጥነት መንገዱን ያለምንም ችግር ጨርሼ ከቱሉ ዲምቱ ወጥቼ ቃሊቲ መጨናነቅ ውስጥ ስገባ ጭጭ። ወይም ሞጆ ቡና ልጠጣ ቆሜ ስመለስ ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ያዞረዋል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ያህል ኮፈኑን ከፍቼ ሳቆየው እንደ አዲስ ይነሳል። ሁለተኛው ወገን ግን ሙቀት ቅዝቃዜ አይለይም፤ ሁልጊዜ ስቆም ነው፣ ሁልጊዜ ተርገብግቦ ነው፣ ሁልጊዜም ወዲያው ይነሳል። እነዚህ ሁለቱ የአንድ ዕቃ ብልሽት ሊሆኑ እንደማይችሉ ከዚያ በኋላ አልተጠራጠርኩም።

ሙቀቱ በጥድፊያ ሳይሆን በመጨናነቅ ውስጥ መክፋቱ ግራ ሊያጋባ ይችላል። በፍጥነት ስትነዱ ነፋሱ በሞተሩና በካምቢዮው ዙሪያ ያልፋል። ስትዘገዩ ወይም ስታቆሙ ንፋሱ ይቀራል፤ የሞተሩ ብረትና የጭስ ማውጫው የያዙት ሙቀት ግን በዙሪያው ወዳሉት ፕላስቲክና ገመዶች መፍሰሱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሞተር ከጠፋ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች አንዳንድ ሴንሰሮች ሲነዱ ከነበሩት በላይ ይግላሉ። ሞጆ ላይ ቡናዬን ስጠጣ ሲሆን የነበረው ይኸው ነው።

መንገድ ላይ ሲጠፋባችሁ ምን እንደምታደርጉ ልበልና ልቀጥል፤ ከምርመራው በፊት ነፍስ ይቀድማል። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል እንጂ ይታዘዛል። ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር ግፊት ለአንድ ሁለት ርግጫ ያህል ይቀራል፤ ደጋግማችሁ ከረገጣችሁት ያልቅና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። አንዴ አጥብቆ መያዝ ነው። ሃዛርድ አብሩ፣ ማርሹን ኤን ላይ አድርጉ፣ እየተንከባለለ ሳለ ቁልፉን አዙሩ። ቁልፉን ግን አትንቀሉ፤ መሪው ይቆለፋል።

ዳር ከያዛችሁ በኋላ ያለው ደቂቃ ወርቅ ነው፤ ጥፋቱ አሁን እዚያው አለ። ከቀዘቀዘ ይደበቃል። መጀመሪያ ቁልፉን ሞተሪኖ ሳይደርስ አብሩትና ከኋላ በኩል አዳምጡ፤ በዚህ መኪና ፓምፑ ከመኪናው ሆድ ስር፣ ከኋላ ነው ያለው፣ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ "ዝዝ" ሲል ይሰማል። ቀጥሎ ሞተሪኖውን አዙሩና ዓይናችሁን አር ፒ ኤም ጌጁ ላይ ትከሉ። ሞተሩ ሲዞር መርፌው ትንሽ፣ ወደ 200 ወይም 300 ግድም ብድግ ማለት አለበት። ሞተሪኖው እያዞረው መርፌው ዜሮ ላይ ከተኛ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን አያውቅም ማለት ነው። ስለማያውቅም እሳት አይልክም፣ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር አይከፍትም። የእኔ መርፌ ንቅንቅ አላለም።

ኮምፒውተሩ የሞተሩን መዞር የሚያውቀው በአንድ ትንሽ ሴንሰር ነው፤ የክራንክ ሴንሰር እንለዋለን። ከሞተሩ ኋላ፣ ከካምቢዮ ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ በሹፌሩ በኩል ተቀምጧል። ውስጡ ማግኔትና በጣም ቀጭን የመዳብ ጥቅል ሽቦ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ባለ ጥርስ ቮላኖ (ከሞተሩ ኋላ ያለው ክብ ብረት) በፊቱ ሲያልፍ ትንሽ ኤሌትሪክ ይፈጥራል፤ ኮምፒውተሩ ያንን እየቆጠረ ነው መቼ እሳት እንደሚልክ የሚወስነው። ሽቦው በዓመታት ሙቀት ተሰንጥቆ ሲሆን፣ ሲቀዘቅዝ ጫፎቹ ይነካካሉ፤ ሲግል ይለያያሉ። ከቀዘቀዘ ተመልሶ ጤነኛ ነው።

"ታዲያ የኮምፒውተሩን የጥፋት ኮድ የሚያነበው ስካነር ለምን አይናገርም?" ትላላችሁ። እኔም ጋራዥ ውስጥ የሰማሁት ትልቁ ክርክር እሱ ነበር፤ ኮድ ስለሌለ ሴንሰር ሊሆን አይችልም ተባልኩ። የክራንክ ሴንሰር መደበኛ ኮድ ፒ 0335 ነው፤ ኮዱ ከወጣ ጥሩ። ካልወጣ ግን ሴንሰሩ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ምልክቱ ድንገት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ የሚያየው የቆመ ሞተር ነው፤ የቆመ ሞተር ደግሞ ጥፋት አይደለም። ሌላም አለ፤ ለአውሮፓ ገበያ ተሠርተው በመጡ የዚህ ዘመን መርሰዲሶች ላይ ዋናው የመመርመሪያ ሶኬት ከኮፈኑ ስር ያለው ክብ ባለ 38 ቀዳዳ ነው። አውሮፓ ውስጥ ባለ 16 ፒኑ፣ ለሁሉም መኪና የጋራ የሆነው የመመርመሪያ ሥርዓት ለአዲስ ቤንዚን መኪኖች ግዴታ የሆነው ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ርካሽ ማንበቢያ ከእኔ መኪና ጋር ጨርሶ አልተግባባም። "ኮድ የለም" ሲሏችሁ አንብቦ አጥቶ ነው ወይስ ማንበብ አቅቶት፣ ጠይቁ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሴንሰሩን አልሰማም ብሎ "የገጠሙልህ ፓምፕ ኮፒ ነው፣ ኦሪጅናል እናስገባልህ" አለኝ። መጀመሪያ ግፊቱን እንለካ ስል ጌጁ የለንም ተባልኩ፤ ሳይለኩ የሚቀይሩ ከሆነ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁ። ሌላ ሰፈር ያሉ አንድ ሽማግሌ ኤሌትሪሽያን ጋ ሄድኩ። ደብተሬን አገላብጠው ካዩ በኋላ "ልጄ፣ ሲሠራ ብታመጣልኝ ምን አየዋለሁ? ሲጠፋ አምጣው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሲጠፋማ እንዴት አመጣዋለሁ?"

"እዚሁ እናጠፋዋለን!"

ብዙ ሰው የማያደርገው ይህንን ነው። የተበላሸውን ነገር የሚያበላሸው ሁኔታ ሙቀት ከሆነ፣ ሙቀቱን ጋራዥ ውስጥ መፍጠር ይቻላል። መኪናውን ከረጅም ጉዞ በኋላ ሳላቀዘቅዝ አደረስኩላቸው። በነዳጅ ቧንቧው ላይ ባለችው መለኪያ ቫልቭ ጌጅ ገጠሙ፤ ኮፈኑን ጋደም አደረግነው፣ ኤሲውን ከፈትን፣ ሚኒሞ ላይ ተውነው። አራት ባር አካባቢ ተረጋግቶ ቆየ። ሲጠፋ ሁላችንም ጌጁን ነበር የምናየው፤ ግፊቱ አልተነቃነቀም። ሞተሪኖ ሲያዞሩት አር ፒ ኤሙ ዜሮ፣ ካንዴላ ላይ እሳት የለም። ፓምፑ በዚያች ደቂቃ ነጻ ወጣ።

ሴንሰሩን ማውጣት ራሳችሁ የምትሞክሩት ከሆነ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የያዘው አንድ ቡሎን ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን የተለመደው ባለ ስድስት ጎን ሳይሆን ኮከብ መሰል ነው፣ ኢ 8 የሚባለው መፍቻ ያስፈልጋል። በሌላ መፍቻ ከታገላችሁት ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልመኝላችሁም። ረጅም ማራዘሚያ ካላችሁ ከላይ ይደረሳል። መጀመሪያ አካባቢውን ጥረጉ፣ አፈሩ ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ። ሶኬቱን ስትነቅሉም ገመዱን አትጎትቱ፤ በዚህ ዕድሜ ፕላስቲኩ እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰበራል።

ሽማግሌው ሴንሰሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሁለቱን እግሮች በቴስተር ለኩ። ቀዝቃዛ ሳለ ወደ አንድ ሺህ ኦም ገደማ አሳየ፤ ጤነኛ ነው። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ሴንሰሩን መልሶ ይገጥመዋል፤ ብዙዎቹም እንዲያ ያደርጋሉ። እሳቸው ከጎረቤት ሴቶች ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ አስመጡና ያሞቁት ጀመር። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ ይህ የመዳብ ጠባይ ስለሆነ አያስደነግጥም፣ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲጨምር ሲሶ ያህል ይወጣል። ከዚያ ግን ድንገት ቁጥሩ ጠፋ፤ ቴስተሩ መስመሩ ተቆርጧል አለ። ማድረቂያውን አጥፍተው ጥቂት ሲቆይ ቁጥሩ ተመልሶ መጣ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ዕቃውን በተመለከተ የማይቀየር አቋም አለኝ፤ ያገለገለ የክራንክ ሴንሰር አትግዙ። ሶማሌ ተራ ለበር፣ ለመስታወት፣ ለመብራት፣ ለወንበር ሁነኛ ቦታ ነው። ይህ ሴንሰር ግን የሚሞተው በዕድሜና በሙቀት ነው፤ ከሌላ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መኪና የተፈታው ያንኑ ዕድሜና ያንኑ ሙቀት አይቷል። አዲስ ስትገዙም በመኪናው ሞዴል ሳይሆን በሻንሲ ቁጥሩ አስፈልጉ፤ ኢ 240 ተብለው የተሸጡት ሁሉ አንድ አይደሉም፣ የመጀመሪያዎቹ 2.4 ሊትር ሲሆኑ የኋለኞቹ 2.6 ናቸው። ትንሽና ቀላል ዕቃ ስለሆነ ከጀርመን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይመጣል። ሳጥኑ ላይ የታወቀ ስም መታተሙ ብቻውን አያሳምናችሁ።

ሴንሰሩ ተቀየረ፣ የሙቀቱ መጥፋት ቆመ። ደብተሩ ላይ ያ ወገን ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልተጨመረበትም። ሁለተኛው ወገን ግን እንዳለ ቀጠለ፤ መብራት ላይ ቆሜ ይርገበገባል፣ ይጠፋል። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ "ሴንሰሩም አልነበረም" ብዬ ሁሉንም ከዜሮ እጀምር ነበር። የቀድሞው ባለቤትም ሳይገጥመው አልቀረም ብዬ የምገምተው ይህ ነው፤ ምናልባት ከቀየራቸው ዕቃዎች አንዱ የሆነ ነገር አሻሽሎ ነበር፣ ሌላው ጥፋት ግን ሸፈነበት።

ለሚኒሞው መጀመሪያ የአየር መለኪያውን ሴንሰር ሶኬት ነቅዬ ነዳሁት። ኮምፒውተሩ መለኪያውን ሲያጣ በግምት ይሠራል፤ ነቅላችሁ መኪናው ከተሻለው መለኪያው ይዋሻል ማለት ነው። ለእኔ ልዩነት አልነበረውም፣ ስለዚህ አልገዛሁም። ቀጥሎ ጆሮ። ሞተሩ እየሠራ ከኋላው በኩል ቀጭን የፉጨት ድምፅ ነበር። በዚህ ሞተር ላይ ከሲሊንደሮቹ ክዳን የሚወጣውን ጭስና ትነት ወደ አየር መግቢያው የሚመልሱ ጎማ ቱቦዎች አሉ፤ ከኋላ ተደብቀው ስለተቀመጡ ማንም አያያቸውም። ካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ በጣም በትንሹ ወደ ቱቦው ስንረጭ ሚኒሞው ከፍ አለ። ስፕሬዩ በስንጥቁ ገብቶ ተቃጠለ ማለት ነው። ስፕሬዩ እሳት የሚይዝ ነው፤ የጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ በብዛት አትርጩ፣ እሳት ማጥፊያም ይቅረባችሁ። ቱቦውን ስናወጣው እጄ ላይ ተሰበረ። ቱቦዎቹ ተቀየሩ፣ የቆሸሸው የአየር መግቢያ ክዳንም ተጸዳ፤ እሱ በትንሽ የኤሌትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ቁልፍ በርቶ በጣት አትግፉት።

የእኔ ባይሆንም ማለፍ የሌለብኝ ሌላ ተጠርጣሪ አለ። መኪናው በድንገት ጠፍቶ፣ ሞተሪኖ ስታዞሩት አር ፒ ኤሙ ብድግ እያለ፣ ፓምፑ ግን ዝም ካለ፣ ከሴንሰሩ በፊት የፓምፑን ቫልቮላና ሪሌ እዩ። በደብልዩ 210 ላይ ሪሌዎቹ አንድ ላይ የታሸጉበት ሰሌዳ ከኮፈኑ ስር በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ የብየዳ ነጥቦቹ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃሉ። አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት ስታዩት ነጥቡ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ይታያል። ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው በብየዳ ያስተካክለዋል፤ አዲስ ሰሌዳ ከመፈለግ ያድናል።

ደብልዩ 124 (ከ210 በፊት የነበረው ሞዴል) ያላችሁ ደግሞ ከባትሪው ጀርባ ያለውን፣ ራሱ ላይ ቫልቮላ የተሰካበትን የቮልቴጅ መከላከያ ሪሌ አስቀድሙ። በ1992 እና በ1995 እ.ኤ.አ. መካከል የተሠሩ 124 እና 140 (የዚያ ዘመን ኤስ ክላስ) ከሆኑ የሞተሩን ገመድ ሽፋን በጣት ነካ አድርጉ፤ የዚያ ዘመን ገመዶች ሽፋናቸው እየተፈረፈረ እርስ በርስ ይነካካሉ። ገመዱ እንዲያ ሆኖ ሴንሰር መቀየር ዋጋ የለውም። መጥፋቱ የጀመረው ነዳጅ በሞላችሁ ማግስት ከሆነ፣ በተለይ ወረፋ ሸሽታችሁ በጀሪካን የገዛችሁት ከሆነ፣ ምንም ሳትፈቱ መጀመሪያ ታንኩን አስፈትሹ።

አሁን ከመኪናዬ ኋላ ተጨማሪ አዲስ የክራንክ ሴንሰር፣ ኢ 8 መፍቻና ማራዘሚያው አለ፤ ቦታ አይፈጁም። ከቀዘቀዘ ስለሚሠራ የወጣውን አሮጌ ሴንሰር ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጥ ሰው አጋጥሞኛል፤ እሱን መንገድ ላይ በጋለ ሞተር ላይ መግጠም ያንኑ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ከመጠበቅ አይለይም።